የአደራ ገንዘብና የጠበቆች ማኅበር

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው የአባቶች ተረት ሕዝባችን ለፍርድ ያለውን ፍቅር የሚያስረዳ ነው። በቅሎን ያህል ንብረት በዳኛ ፊት ተረትቶ ያጣ ሰው እንኳ ውሎ አድሮ ልቡ ያርፋል፤ ጭብጦውን ከእጁ ላይ የተነጠቀ ግን ዕድሜ ልኩን ሲንገበገብ ይኖራል። እኔ ዛሬ ለማንሣት የፈለግሁት ተረቱ ያላሰበውን ሦስተኛ ነገር ነው። ይኸውም በቅሎዋ በፍርድ ከተመለሰች በኋላ ልጓሟን የያዘው ጠበቃ ይዟት የሄደ እንደ ሆነ ለማን አቤት ይባላል? የሚለው ነው።

ከዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቄ በወጣሁ ሰሞን አንዲት የሰፈራችን ባልቴት አስጠሩኝና ቡና እየተፈላ ችግራቸውን አጫወቱኝ። የሟች ባለቤታቸውን ድርሻ ለማስከበር አራት ዓመት ተሟግተው ረትተዋል። ገንዘቡ በጠበቃቸው እጅ ገብቷል፤ ጠበቃው ግን «ዛሬ ነገ» እያለ ስምንት ወር አመላልሷቸዋል። «ልጄ፥ ዳኛ ቢበድለኝ ይግባኝ አለ ይሉኛል፤ ጠበቃዬ የበደለኝ እንደ ሆነ ይግባኙ ወዴት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «እማማ፥ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ብዬ ወጣሁ እንጂ፥ አምስት ዓመት ሙሉ ሕግ ስማር ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

ስለ ጠበቆች ማኅበር ሲነሣ ለብዙዎቻችን የሚታየን የዕድር ዓይነት ነገር ነው። ባለሙያዎች መዋጮ እያወጡ የሚረዳዱበት፥ በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስበው ሊቀ መንበር የሚመርጡበት፥ ከዚያም ራት በልተው የሚለያዩበት ይመስለናል። እንዲህ ያለ ማኅበር መኖሩ አይከፋም። ነገር ግን በሌላው ዓለም የጠበቆች ማኅበር የሚባለው ከዚህ የከበደ ሥራ የተሸከመ ነው፤ ሸክሙ በተንሻፈፈ ጊዜ የሚደርሰውን ጉዳት ለማየት የካሊፎርኒያን ታሪክ መመልከት ይበቃል። (በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገር የሚነገሩት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ የጥብቅናን ሥራ የሚያስተዳድረው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ለራሱ ነው። የካሊፎርኒያ የጠበቆች ማኅበር በ1927 በሕግ አውጪው ምክር ቤት የተቋቋመ ሲሆን፥ በክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ሆኖ ይሠራል። በዚያ አገር ጥብቅና ለመቆም የሚሻ ሁሉ በዚህ ድርጅት መመዝገብ ግዴታው ነው። ዛሬ በመዝገቡ የሰፈሩት ከ250 ሺህ በላይ ናቸው። ድርጅቱ የመግቢያውን ፈተና ይፈትናል፤ አቤቱታ የቀረበበትን ጠበቃ ይመረምራል፤ ጥፋቱ ሲረጋገጥም ፈቃዱ እንዲሰረዝ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሐሳብ ያቀርባል።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የማረከኝ ስለ አደራ ገንዘብ ያለው ሥርዓት ነው። የደንበኛ ገንዘብ ከጠበቃው የግል ገንዘብ ጋር ሊቀላቀል አይችልም፤ ለብቻው በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል። ከ1981 ጀምሮ ደግሞ ለየብቻው ቢቀመጥ ይህን ያህል ወለድ የማያስገኘው ጥቃቅንና የአጭር ጊዜ የደንበኞች ገንዘብ በአንድነት ተጠራቅሞ፥ ወለዱ ለድኾች የሕግ እርዳታ እንዲውል ተደርጓል። ከዚህም በቀር ጠበቃው የሰረቀውን ገንዘብ እስከ 100 ሺህ ዶላር ድረስ ለተበዳዩ የሚተካ፥ ከጠበቆች ዓመታዊ ክፍያ የሚዋጣ ልዩ ገንዘብ አለ።

በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። በተግባር የሆነው ግን ሌላ ነው።

ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው የላየን ኤር አውሮፕላን ጃቫ ባሕር ላይ ተከስክሶ 189 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። አምስት ወር ሳይሞላ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አጠገብ 157 ነፍስ የጠፋበት የእኛው አውሮፕላንም ያው ዓይነት እንደ ነበረ አንባቢ አይዘነጋውም። ስለዚህ የኢንዶኔዥያ ባልቴቶችና የሙት ልጆች ሐዘን ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ከእነዚያ ሐዘንተኞች ጥቂቶቹ ቶማስ ጂራርዲ የተባለውን የሎስ አንጀለስ ጠበቃ ወከሉ። ሰውየው ስመ ጥር ነበር። በ1996 አንድ የኤሌክትሪክና የጋዝ ኩባንያ ውኃቸውን ለበከለባቸው የሂንክሊ ነዋሪዎች 333 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ካደረጉት ጠበቆች አንዱ ሲሆን፥ ታሪኩም በፊልም ተሠርቷል። ቦይንግ ለኢንዶኔዥያውያኑ የካሣውን ገንዘብ ከፈለ፤ ገንዘቡ ግን ተሟልቶ ከባልቴቶቹ እጅ አልደረሰም። በታኅሣሥ 2020 በቺካጎ የሚገኝ የፌዴራል ዳኛ ቢያንስ 2 ሚሊዮን ዶላር እንዳልተከፈለ ተገንዝቦ የሰውየውን ሀብት አገደ። ጂራርዲ በ2022 ከጥብቅና ተሰረዘ፤ በ2024 በሌሎች ደንበኞቹ ገንዘብ ላይ በፈጸመው ማታለል በሎስ አንጀለስ ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2025 ከሰባት ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት።

አሳዛኙ ነገር የሰውየው ስርቆት ብቻ አይደለም። ማኅበሩ ራሱ በ2022 እንዳመነው፥ በአርባ ዓመት ውስጥ በጂራርዲ ላይ 205 አቤቱታዎች ቀርበውለት ነበር። ያም ሆኖ ሰውየው ለሕዝብ በታወቀ ቅጣት ሳይነካ ኖረ። በ2023 የታተመው የገለልተኛ መርማሪዎች ጽሑፍ ምክንያቱን ገለጸው፤ ጠበቃው በማኅበሩ ውስጥ ወዳጆች ነበሩት፤ ግብዣና ስጦታም ነበረ። ጠባቂው ከሚጠበቀው ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጦ ሲበላ ኖሯል።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? በበኩሌ ሦስት ነገር ይታየኛል።

አንደኛው ጠበቆችን የሚወክለው እጅና ጠበቆችን የሚቀጣው እጅ አንድ መሆን የለበትም። ካሊፎርኒያ እስከ 2017 ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ጣራ ሥር ይዛ ኖረች። ከጥር 2018 ጀምሮ ግን የባለሙያዎቹን ጥቅምና ትምህርት የሚከታተለው ክፍል ተለይቶ በፈቃደኝነት የሚገባበት ማኅበር ሆነ። ሁለተኛው፥ መለየት ብቻውን አይበቃም፤ ሒሳብ መታየት አለበት። ከ2023 ወዲህ እያንዳንዱ የካሊፎርኒያ ጠበቃ የአደራ ሒሳቡን በየዓመቱ ያስመዘግባል። አርባ ዓመት ዘግይቶ የመጣ ጥበብ ነው! ሦስተኛው፥ አቤቱታ በምስጢር ተቆልፎ አይሻግት። አንድ ጊዜ የተከሰሰ ሰው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት መቶ ጊዜ የተከሰሰ ሰው ግን ቢያንስ መጠየቅ ይገባዋል።

አንዳንድ ሰው «እንዲያ ከሆነ ቁጥጥሩን ሁሉ መንግሥት ይያዘው» ይል ይሆናል። ይህ ሐሳብ ለወጣት ባለ ሥልጣኖች ደስ እንደሚል አውቃለሁ፤ እኔ ግን አልስማማበትም። ጠበቃ አንዳንድ ጊዜ መንግሥትን ራሱን ተከራክሮ መርታት አለበት። በችሎት የተከራከረው ባለ ሥልጣን በማግስቱ ፈቃዱን የሚነጥቀው ከሆነ፥ የትኛው ጠበቃ በሙሉ አንደበት ይናገራል? ስለዚህ የሚቀጣው አካል ከጠበቆች ወዳጅነትም ከመሥሪያ ቤት ቍጣም የራቀ፥ ከሙያው ውጭ ያሉ የተከበሩ ሰዎችም የሚቀመጡበት ቢሆን ይሻላል።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ ነገሩ ከደጃችን ስለ ደረሰ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን አቋቁሟል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚሠሩ ጠበቆች ሁሉ አባል እንዲሆኑም አድርጓል። ፈቃድ የመስጠቱ ሥልጣን ግን በመንግሥት እጅ ቀርቷል። ማኅበሩ ገና ልጅ ነው፤ ልጅ ደግሞ ባሳደጉት ይወጣል። አባላቱን በየጊዜው ያስተምር፤ ያለ አግባብ ለተነካ ጠበቃ ይቁም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 አቅም ለሌለው ተከሳሽ፥ ፍትሕ የሚጓደልበት ሲሆን፥ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብም እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። ይህ ሰዓት ለወግ ያህል የሚጻፍ ሳይሆን እየተቈጠረ ለድኻ የሚደርስ እንዲሆን ከማኅበሩ የተሻለ ተቈጣጣሪ የለም። ከሁሉ በፊት ግን የአደራው ሒሳብ ነገር ይታሰብበት።

የሕግ ተማሪዎች ሆይ፥ ነገ ካባውን የምትለብሱት እናንተ ናችሁ። በመሥሪያ ቤት ያላችሁም ደንቡን የምታረቁት እናንተ ናችሁ። አገራችን «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ስትል አደራን የተመለከተችው በሰማይ ርቀት ነው፤ እኛ ደግሞ በምድር ላይ መዝገብና ቁልፍ ልናበጅለት ይገባናል።

እኔም ለእማማ ቃሌን ጠብቄ ተመልሼ ሄድኩ። አቤቱታቸውን አብረን ጽፈን ለሚመለከተው ክፍል አስገብተናል። መልሱ ገና አልመጣም። በየሳምንቱ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ልጄ፥ ይግባኙ ምን አለ?» ይሉኛል። ይህን ጥያቄ አንድ ባልቴት ብቻቸውን የሚጠይቁት ሳይሆን፥ የተማረ ወጣት ሁሉ አብሯቸው የሚጠይቀው እንዲሆን ምኞቴ ነው።