መኪና ላይ ያረፈ የንብ መንጋ ለቀፎ እንጂ ለእሳት አይደለም

ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ መስኩን ቢጫ ሲያለብሰው፣ የመቹና የኑጉ ማሳም ሲያብብ፣ የንብ ሥራ የሚበረታበት ወቅት መድረሱን ማንኛውም አርሶ አደር ያውቀዋል። በዚሁ ወቅት በመንገድ ዳር መንደሮችና በትናንሽ ከተሞች ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ አቤቱታ አለ። ይኸውም «ንቦቹ መኪናውን ወረሩት፤ ደማቅ ቀለሙ ስቧቸው ነው» የሚል ነው። አቤቱታው ሲቀርብ ነገሩን የማየቱ ኃላፊነት ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በማኅበሩ ሊቀ መንበርና በኮሚቴው ላይ ነው።

ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ውሳኔ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ናፍጣ የነከረ ጨርቅ ተለኩሶ ወይም ፀረ ተባይ መድኃኒት ተረጭቶ መንጋው እዚያው ይፈጃል፤ ወይም ደግሞ በአካባቢው ያለው ንብ አናቢ ቀፎውን ነቅሎ እንዲሄድ ይታዘዛል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ሁለቱም ውሳኔዎች ማኅበሩን ይጎዳሉ እንጂ አይጠቅሙትም። የተሳሳተ ውሳኔ የሚሰጠውም የነገሩ መንስኤ በሚገባ ስላልተለየ ነው። ስለዚህ ንብ በእርግጥ ደማቅ ቀለም ወዳለው መኪና ትሳባለች ወይ? ከተሳበችስ ለምን? የሚለውን ማጤን ያስፈልጋል።

ንብ ቀለም የምትለይ መሆኗን በሙከራ ያሳዩት ኦስትሪያዊው ሳይንቲስት ካርል ፎን ፍሪሽ ናቸው። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳተሙት ጥናት፣ ንቦችን በሰማያዊ ወረቀት ላይ የስኳር ውኃ እያቀረቡ ካለማመዱ በኋላ፣ ሰማያዊውን ወረቀት ከብዙ ዓይነት ግራጫ ወረቀቶች ጋር ደባልቀው አስቀመጡት። ስኳሩ ከተነሣም በኋላ ንቦቹ ሰማያዊውን እየመረጡ አረፉበት። ቀዩን ወረቀት ግን ከጥቁርና ከደማቅ ግራጫ መለየት አልቻሉም። ፎን ፍሪሽ ስለ ንብ ባደረጉት የረጅም ዘመን ምርምር እ.ኤ.አ. በ1973 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች እንዳረጋገጡት የንብ ዓይን ሦስት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሶች አሉት። አንዱ ለሰው የማይታየውን አልትራቫዮሌት የተባለውን ብርሃን፣ ሁለተኛው ሰማያዊውን፣ ሦስተኛው አረንጓዴውን ይቀበላል። ስለዚህ ንብ ሰማያዊና ቢጫ ነገርን በደንብ ትለያለች፤ ቀይ ግን በአመዛኙ እንደ ጥቁር ይሆንባታል። ለእኛ ነጭ የሆነው የመኪና ቀለም እንኳ ብዙውን ጊዜ አልትራቫዮሌቱን ውጦ ስለሚያስቀር፣ ለንብ ሰማያዊና አረንጓዴ እንደተቀላቀለበት ቀለም ሆኖ ይታያታል። በየከተማው የሚመላለሰው ሰማያዊ ባጃጅ፣ ከምንጭ ዳር የሚደረደረው ቢጫ ጀሪካን፣ ነጩ ፒካፕ፣ ሁሉም በንብ ዓይን ጎልተው የሚታዩ ናቸው ማለት ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ንብ ከሩቅ አጥርታ አታይም። የአንድን ነገር ቀለም በትክክል ለመለየት በጣም መቅረብ አለባት። ሦስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላትን አበባ ቀለም ለይታ የምታየው ወደ አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ስትጠጋ ነው። በዚሁ ስሌት አራት ሜትር ርዝመት ያለውን መኪና ግን ከአሥራ አምስት ሜትር ላይ ሆና ቀለሙን ልትለየው ትችላለች። ስለዚህ በአበባ ወቅት ሜዳ ላይ የቆመ ቢጫ ወይም ሰማያዊ መኪና ለንብ ያልተለመደ ትልቅ አበባ መስሎ ቢታያት ሊያስደንቀን አይገባም።

ይሁን እንጂ ቀለም ንቧን ቢጠራትም አያቆያትም። ንብ ወደ ነገሩ ቀርባ ታሸታለች፤ ትቀምሳለች፤ የሚቀሰም ነገር ካጣች ትታው ትሄዳለች። ጥቂት ጊዜ ሞክራ ባዶ የሆነባትን ቀለም አትመለስበትም። በአንጻሩ ጣፋጭ ነገር ያገኘችበትን ቀለም፣ ሽታና ሰዓት ሳይቀር ታስታውሳለች፤ ወደ ቀፎዋ ተመልሳም በጭፈራዋ ለጓደኞቿ አቅጣጫውንና ርቀቱን ትነግራለች። እንግዲህ ሙዝና ማንጎ፣ ሸንኮራ አገዳ ወይም የስኳር ጆንያ የጫነ መኪና ላይ ንብ ቢበረክት፣ ያቆያት የመኪናው ቀለም ሳይሆን ከጭነቱ የሚንጠባጠበው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። በጀሪካኑ ላይ የሚያንዣብቡትም የሚፈልጉት ውኃውን ነው። ለዚህ ዓይነቱ ንብ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጭነቱን መሸፈን፣ መኪናውን በውኃ ማጠብ፣ ለንብ ራሱን የቻለ የውኃ ገንዳ ማዘጋጀት ነው።

ሕዝቡን በእርግጥ የሚያስደነግጠው ግን በሺህ የሚቆጠር መንጋ በአንድ ጊዜ መጥቶ በመኪና መስታወት፣ በበር ወይም በጭነት ሳጥን ላይ እንደ ዘለላ ሲንጠለጠል ነው። ይህ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነገር ነው። ቀፎው ሲጠባቸው አሮጌዋ ንግሥት፣ ገበሬው አውራ የሚላት፣ ከሠራተኞቹ ከፊሉን ይዛ ትወጣለች። ንግሥቲቱ ደክማ ባረፈችበት ቦታ ሁሉም በሽታዋ ተመርተው ይሰበሰባሉ። ያረፈችበት የግራር ቅርንጫፍ፣ የቤት ግድግዳ ወይም መኪና ሊሆን ይችላል። መንጋው እዚያ ከጥቂት ሰዓት እስከ ጥቂት ቀን ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሳሽ ንቦች ለመኖሪያ የሚሆን ዋሻ፣ የዛፍ ቀዳዳ ወይም ባዶ ቀፎ ይፈልጋሉ፤ ካገኙ በኋላ ተያይዘው ይነሣሉ። መኪናው ቢጫም ሆነ ጥቁር ለእነርሱ ማረፊያ ነው እንጂ ቤት አይደለም።

እዚህ ላይ የማኅበር መሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር፣ ከቀፎ የወጣ መንጋ ከመነሣቱ በፊት ሆዱን በማር ስለሚሞላና የሚጠብቀው እጭም ሆነ ማር ስለሌለው፣ ካልነኩት በስተቀር እንደ ቀፎ ንብ ቶሎ የማይቆጣ መሆኑ ነው። አደጋው የሚመጣው ድንጋይ ሲወረወር፣ እሳት ሲለኮስ፣ ሞተሩ ተነሥቶ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ነው። አንዲት ንብ ስትነድፍ የሚወጣው ሽታ፣ የሙዝ ሽታ የመሰለው፣ ሌሎቹን ለጥቃት ይጠራል። ጥቁርና ጸጉራም ነገርም ያስቆጣቸዋል፤ ንብ አናቢዎች ነጭ ልብስ የሚመርጡትም ስለዚሁ ነው። እንግዲህ እሳት የሚለኩሰው ሰው አደጋን ይከላከላል ሲባል ራሱ አደጋውን ይጠራል።

አንዳንድ ባለ መኪናዎች ደግሞ በቀፎ አጠገብ ያቆሙት መኪና በቢጫ ነጠብጣብ ተበላሸብን ሲሉ ንብ አናቢውን ይከስሳሉ። ይህም ምሥጢር የለውም። ንብ ቀፎዋን ስለማታቆሽሽ ከዝናብ ወይም ከብርድ በኋላ ወጥታ በበረራ ላይ ትጸዳዳለች፤ ኩሷም የአበባ ብናኝ ስለሚበዛበት ቢጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የአሜሪካ መንግሥት በላኦስና በካምቦዲያ «ቢጫ ዝናብ» የተባለ መርዝ ተረጭቷል በማለት ሶቪየት ኅብረትን ከስሶ ነበር። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ሳይንቲስት ማቲው ሜሰልሰንና ባልደረቦቻቸው ግን ከየቅጠሉ የተሰበሰበውን ነጠብጣብ መርምረው የአበባ ብናኝ የሞላበት የንብ ኩስ መሆኑን አስረዱ። የታላላቅ መንግሥታትን ክርክር ያስነሣ ነጠብጣብ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት ቢያጣላ አይገርምም። ነገር ግን በለብታ ውኃ ታጥቦ ለሚለቅ ነገር ሰው መተዳደሪያውን ሊያጣ አይገባም።

በሌላ በኩል የሕዝቡን ፍርሃት ማቃለል ተገቢ አይደለም። የተቆጣ ንብ ሰው ይገድላል። ታስረው የዋሉ ፈረሶችና አህዮች በንብ ተነድፈው የሚያልቁበት ጊዜም አለ። መኪናውን አቁሞ የሚቸገረው ሾፌርም የዕለት እንጀራውን የሚፈልግ ሰው ነው። ስለዚህ «ንቡን ተውት» ማለት ብቻ መልስ አይሆንም። መንጋውን የሚያነሣው ሰውና ባዶ ቀፎ አስቀድሞ ከሌለ ሕዝቡ ወደ ክብሪት ቢሮጥ የሚወቀሰው ሕዝቡ ብቻ አይደለም፤ ሳይዘጋጅ የቀረው ማኅበርም ነው።

አንድ መንጋ ሲቃጠል ምን እንደሚቃጠል እናስላው። ከባህላዊ ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም፣ በሚገባ ከተያዘ ዘመናዊ ቀፎ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም ማር እንደሚገኝ የታወቀ ነው። ሰሙም አለ። መንጋ ለመግዛት ገበያ የሚወጣ አርሶ አደር ባለበት አገር፣ በራሱ እግር የመጣውን ሀብት በናፍጣ ማጥፋት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል። ጉዳቱ በማር ብቻ አያበቃም። የኑግ አበባ በራሱ ብናኝ ፍሬ አይዝም፤ ከሌላው ተክል ብናኝ የሚያመጣለት ነፍሳት ያስፈልገዋል፤ ከነዚህም ዋነኛዋ ንብ ናት። ባቄላውም በንብ ይጠቀማል። ስለዚህ ቀፎ የሌለው አርሶ አደር እንኳ ከጎረቤቱ ንብ ተካፋይ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ከዚህ በመነሣት የማኅበራት መሪዎች የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ በማኅበሩ ክልል ውስጥ የንብ መንጋን ማቃጠልም ሆነ በመድኃኒት መፍጀት የተከለከለ መሆኑን በጉባኤ ይወስኑ፤ ውሳኔውንም መኪና በሚቆምበት ሥፍራ ሁሉ ያስታውቁ።

ሁለተኛ፣ ከአባላቱ መካከል ንብ የማስገባት ልምድ ያላቸውን ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይመድቡ። ለእነርሱም የፊት መሸፈኛ፣ ጓንት፣ ማጨሻና ሁለት ባዶ ቀፎ ከአበባው ወቅት በፊት ይዘጋጅላቸው። ባዶው ቀፎ በወይራ ጭስ ከታጠነና ውስጡ ሰም ከተቀባ መንጋው ቶሎ ይወደዋል። መንጋ ሲያርፍ ሰውና ከብት ይራቅ፤ ሞተር አይነሣ። ባለሙያው ንቡን በጥቂቱ ውኃ ረጨት አድርጎ ቀፎውን ያስጠጋ፤ በቀስታ ያራግፍ። ንግሥቲቱ ከገባች ሌሎቹ ይከተሏታል። ቀፎው እስከ ምሽት እዚያው ቆይቶ ሁሉም ከገቡ በኋላ ይነሣ። የንግሥቲቱ ሽታ ስለሚቀር መኪናው በሳሙና ይታጠብ፤ አለበለዚያ የቀሩት ንቦች እዚያው ተመልሰው ይሰበሰባሉ።

ሦስተኛ፣ ቀፎዎች ከመንገድ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከውኃ መቅጃና ከመኪና ማቆሚያ እንዲርቁ ይደረግ። በቂ መሬት ከሌለ በቀፎው ፊት ከሰው ቁመት የሚበልጥ አጥር ወይም ቁጥቋጦ ቢተከል ንቦቹ ከፍ ብለው ስለሚበሩ ከመንገደኛው ጋር አይገናኙም። አናቢውን ከመንቀል አጥሩን መትከል ይቀላል።

አራተኛ፣ የፀረ ተባይ ርጭት ሰብሉ ባበበበት ሰዓት እንዳይካሄድ፣ ግድ ከሆነም ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ በምሽት እንዲሆንና አናቢዎች ከአንድ ቀን በፊት እንዲነገራቸው ይደረግ። በመኪና ላይ ያረፈውን መንጋ አድነን በማሳ ላይ የምንፈጀው ከሆነ ድካማችን ከንቱ ይሆናል።

አምስተኛ፣ የቀለሙን ዕውቀት ለራሳችን ሥራ እናውለው። በአንድ ረድፍ የተደረደሩ አንድ ዓይነት ቀፎዎች ንብን ያሳስታሉ፤ ወደ ጎረቤት ቀፎ እየገባች ጠብ ይነሣል፤ አንዱ ቀፎ ሲደክም ሌላው ይበረታል። የቀፎዎቹ ፊት አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ ቢቀባ ንቧ ቤቷን አትስትም። ቀይና ጥቁር ጎን ለጎን መቀባት ግን ለንብ አንድ ስለሆነ ጥቅም የለውም።

ሰው በንብ ሲጠቃ ምን ማድረግ እንዳለበትም በየጉባኤው ቢነገር መልካም ነው። እጅን ማወናጨፍ አይገባም፤ ፊትን ሸፍኖ ወደ ተዘጋ ቤት መሮጥ ነው። የቀረው መንደፊያ ወዲያው ይነቀል፤ በቆየ ቁጥር መርዙ ይገባል። ትንፋሽ ያጠረው፣ ፊቱ ያበጠ ወይም ብዙ ጊዜ የተነደፈ ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

በጠቅላላው ንቧ የምትከተለው በአበባ ዘመን የለመደችውን የቀለም፣ የሽታና የንግሥት ምልክት ነው። መኪናው በመንገዷ ላይ የቆመ እንግዳ ነገር ብቻ ነው። ይህንን የሚያውቅ ሊቀ መንበር «መኪናው ተወረረ» ተብሎ ሲጠራ ናፍጣ የያዘውን ወደ ኋላ መልሶ ቀፎ የያዘውን ያስቀድማል። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ባዶው ቀፎ አደይ አበባ ከመፈንዳቱ በፊት ዛሬውኑ ይዘጋጅ።