የስድስት ዓመቱ መንጋጋ

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው የአባቶች ምክር ለጥርስም ይሠራል። ዳሩ ግን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ብዙው ሰው ጥርሱን ለማሳየት የሚመጣው ሕመሙ እንቅልፍ ከነሣው በኋላ፣ ያውም ለማስነቀል ነው።

አንድ ገበሬ የዘጠኝ ዓመት ልጁን ይዞ መጥቶ ነበር። የበሰበሰውን መንጋጋ ባሳየሁት ጊዜ፣ «ጌታዬ፣ የወተት ጥርስ አይደለም እንዴ? ይወልቅና ሌላ ይበቅላል» አለኝ። አይበቅልም። ይህ መንጋጋ በስድስት ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች ሁሉ በስተኋላ የሚወጣ ቋሚ ጥርስ ነው። ሲወጣ ሌላ ጥርስ ስለማይወልቅለት ወላጆች አያስተውሉትም። ከጠፋ ግን ምትክ የለውም።

የመንጋጋ ገጽ እንደ ታረሰ ማሳ ትልም የበዛበት ነው። ምግቡና ከረሜላው በትልሙ ውስጥ ይቀራል፤ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያንም ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ጥርሱን ይቦረቡረዋል። ትልሙ እጅግ ጠባብ ስለሆነ መፋቂያም ብሩሽም አይደርስበትም። መፍትሔው ገና ጤነኛ ሳለ ትልሙን መድፈን ነው።

ማይክል ቡኦኖኮር የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም፣ የጥርስን ገጽ በአሲድ ጥቂት አሻክሮ ማጣበቂያ እንዲይዝ የማድረግን ዘዴ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 አሳተመ። የዛሬው የጥርስ ማሸጊያ በዚሁ ዘዴ ላይ የቆመ ነው። መርፌም መቦርቦርም የለበትም። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚገልጸው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከመንጋጋ መቦርቦር ከመቶ 80 ያህሉን ይከላከላል።

«ይህ መብራትና መሣሪያ ላለው ከተማ ነው» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ግላስ አዮኖመር የሚባለው ማሸጊያ ዱቄቱና ፈሳሹ በእጅ ተለውሶ በራሱ የሚጠነክር ነው። ቶሎ የመላቀቅ ጉድለት ቢኖርበትም ፍሎራይድ እየለቀቀ ጥርሱን ያጠነክራል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ አስገብቶታል።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ የሠለጠነ ባለሙያ ሕፃናትን አንደኛ ክፍል ሲገቡ፣ ሁለተኛው መንጋጋ በሚወጣበት በአሥራ ሁለት ዓመት ገደማም ደግሞ፣ እዚያው በትምህርት ቤታቸው ይመልከታቸው፤ የሚገባቸውንም ያሽግላቸው። ማሸጊያው የሚሸፍነው የሚያኝከውን ገጽ ብቻ ስለሆነ መፋቅና መቦረሽ አይቀርም።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ስድስት ዓመት ሲሞላው አፉን ከፍታችሁ ከወደ ኋላ ተመልከቱ። ዕድሜ ልኩን የሚያኝክበት መንጋጋ በዚያ አለ።