የማይጠፋው ኮምፒዩተር



በምናስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ቀድሞ የጠመኔና የመጥረጊያ ማስቀመጫ የነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ዛሬ ስድስት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ተደርድረውባት «የኮምፒዩተር ክፍል» ተብላለች። ኮምፒዩተሮቹ ዕድሜያቸው የገፋ በመሆኑ አዲሱን ዊንዶውስ የሚሸከም አቅም የላቸውም። ስለሆነም በሊኑክስ እንዲሠሩ አደረግን። ሊኑክስ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው፣ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያሉ ባለሙያዎች ተባብረው ያሳደጉትና ያለ ክፍያ የሚገኝ የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው። አቅሙ ውስን ለሆነ ትምህርት ቤት ትልቅ እፎይታ ነው።

ከስድስቱ አንዱ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው፣ አንድ ክፉ ዐመል ነበረበት። ጥፋ ሲባል አይጠፋም። ሲፒዩ የምንለው ሳጥን ውስጥ ያለው ማራገቢያ ሲያጉረመርም፣ የፊት ለፊቷም ትንሽ መብራት እንደበራች ትቀራለች። የጥበቃው አባት ማታ ማታ ክፍሏን ሊቆልፉ ሲመጡ ይጠሩናል።

«መምህር፣ ያ ነገር ዛሬም አልተኛም።»

«ግድ የለም አባባ፣ ገመዱን ይንቀሉት» እንላቸዋለን።

እርሳቸውም ይነቅሉታል። በማግስቱ ገመዱ ሲሰካ ኮምፒዩተሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሣል። ይኸው ልማድ ሁለት ወር ያህል ቀጠለ፤ እኛም ጉዳዩን ንቀን ተውነው። ጥፋታችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የአንዲት ማታ ችኮላ

የመጀመሪያው ሴሚስተር ሊያልቅ ሲል፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ውጤትና በሪፖርት ካርዳቸው ላይ የሚወጣውን ፎቶግራፍ በዚሁ ኮምፒዩተር ላይ ስናጠናቅቅ አመሸን። ሥራው ሲያልቅ ሁሉንም ወደ ፍላሽ አዛወርን። ልብ በሉ፤ ኮፒ አላደረግንም፤ ከት አድርገን ነው የወሰድነው። ይኸውም ከኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ወደ ፍላሹ እንዲገባ አዘዝን ማለት ነው። ስክሪኑም ሥራው እንዳለቀ ነገረን። የመዝጊያውን ምልክት ተጫንን፤ እንደ ልማዳችን ስክሪኑን አጠፋንና ወደ ቤታችን ሄድን። አባባም እንደ ልማዳቸው መጡ፤ ማራገቢያው ሲጮኽ ሰሙ፤ ገመዱን ነቀሉ።

በማግስቱ ፍላሹን ስንከፍት ከፎቶግራፎቹ ግማሾቹ የሉም፤ የውጤቱ መዝገብም አልከፈት አለ። ከኮምፒዩተሩ ላይ ደግሞ ቀድሞውኑ ተነሥቷል። የሴሚስተሩን ፈተና ውጤት በማርክ ሊስት ወረቀት ይዘነው ስለነበር እንደገና ጻፍነው። በየጊዜው የሰጠናቸውን አጫጭር ፈተናዎች ውጤት ግን በቀጥታ ኮምፒዩተር ላይ እንጂ በወረቀት አልያዝንም ነበር። ተማሪዎቹ የታረሙ ወረቀቶቻቸውን ከቤት እንዲያመጡ ለመንናቸው። አብዛኞቹ አመጡ። የጠፋባቸውም ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ እያመነታች ወደ እኛ ቀረበች።

«ቲቸር፣ የእኔ ከ20 18 ነበር እኮ።»

አምነናታል። ነገር ግን ወረቀት የጠፋባቸው ሁሉ በቃል የሚነግሩንን ብንመዘግብ ለሌሎቹ ፍትሕ አይሆንም። ስለዚህ ለእነዚያ ልጆች ፈተናውን እንደገና ሰጠናቸው። እሷ 15 አመጣች። ያቺ የሦስት ማርክ ልዩነት ዛሬም ከሕሊናችን አልወጣችም። የተማሪ ውጤት በአስተማሪ እጅ ያለ አማና ነው፤ እኛ ግን ለአንድ ገመድ አሳልፈን ሰጠነው። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። እኛማ አፍስሰን ሁሉንም እንኳ መልቀም አልቻልንም።

ኮምፒዩተር ሲጠፋ ምን ይሠራል?

ከዚህ በኋላ ባለሙያ መጠየቅ ጀመርን። አንዱ «ፓወር ሰፕላዩ ደክሟል፣ ይቀየር» አለን። ሌላው «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» አለን። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ ምን ተጽፎ እንደሚቀር አልጠየቁንም። ቢጠይቁንም መልስ አልነበረንም፤ ለምን ቢባል ስክሪኑን ሁልጊዜ ቀድመን እናጠፋው ነበርና። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት ተነሣን።

ኮምፒዩተር ጥፋ ሲባል እንደ አምፖል ወዲያው አይጠፋም። ሦስት ደረጃዎችን ያልፋል።

በመጀመሪያው ደረጃ ሥርዓቱ ለተከፈቱት ፕሮግራሞች ሁሉ «ሥራችሁን ጨርሳችሁ ውጡ» የሚል መልእክት ይልካል። አልወጣም ላለው የጊዜ ገደብ ይሰጠዋል። ሲስተምዲ የተባለውን አስተዳዳሪ ፕሮግራም በሚጠቀሙት ሊኑክሶች ይህ ገደብ ብዙውን ጊዜ 90 ሴኮንድ ነው። ገደቡ ሲያልፍ በግድ ይዘጋዋል።

በሁለተኛው ደረጃ፣ ገና ያልተጻፈው ነገር ሁሉ ወደ ሃርድ ዲስኩና ወደ ፍላሹ ተጽፎ ዲስኮቹ ይዘጋሉ። ሊኑክስ ሥራ እንዳይጓተት ሲል ወደ ዲስክ የሚላከውን ነገር ለጥቂት ጊዜ በራም ላይ ያቆየዋል። ፍላሹ ዘገምተኛ፣ ፋይሉም ብዙ ከሆነ «አለቀ» ከተባለ በኋላ እንኳ መጻፉ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። እኛን የጎዳን ይህ ነው። ውጤቱ ከሃርድ ዲስኩ ላይ ተሰርዟል፤ ወደ ፍላሹ ግን ገና አልደረሰም፤ በመካከሉ ራም ላይ ሳለ ገመዱ ተነቀለ። ራም ደግሞ ኃይል ሲቋረጥበት የያዘውን ሁሉ ይረሳል።

በሦስተኛው ደረጃ የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል ማዘርቦርዱን ኃይል እንዲቆርጥ ያዝዘዋል። ይህ ደረጃ በድሮዎቹ ኮምፒዩተሮች ላይ አልነበረም። የእነርሱ ማጥፊያ እንደ ግድግዳ ማብሪያ ኃይሉን በቀጥታ የሚቆርጥ ነበር። በዊንዶውስ 95 የሠሩ አንባብያን፣ ኮምፒዩተሩን አሁን ማጥፋት እንደሚቻል የሚናገረውን ብርቱካናማ ጽሑፍ ያስታውሱት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን የማዘርቦርድና የፓወር ሰፕላይ አሠራር አወጣ። በዚህ አሠራር ቁልፉ ኃይሉን ራሱ አይቆርጥም፤ ለማዘርቦርዱ ምልክት ይሰጣል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ደግሞ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ኤሲፒአይ የተባለውን ደንብ አወጡ። ሥርዓቱ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለ ኃይል የሚነጋገረው በዚህ ደንብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ኤቲኤክስ ኮምፒዩተር ከጠፋም በኋላ ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ጥቂት ኃይል ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ስለዚህ የማውሱ ወይም የኔትዎርክ መሰኪያው መብራት በርቶ ቢታይ አልጠፋም ማለት አይደለም። ማራገቢያው ቆሞ የፊት ለፊቱ መብራት ከጠፋ፣ ጠፍቷል።

የመጨረሻው መስመር

የመጀመሪያው ምርመራ ገንዘብ አይጠይቅም። ስክሪኑን ሳናጠፋ ኮምፒዩተሩን እንዝጋው። የሥርዓቱ አርማ ብቻ ከታየ፣ ኢስኬፕ የሚለውን ቁልፍ ስንጫን ብዙውን ጊዜ አርማው ተነሥቶ ከበስተኋላው ያለው ጽሑፍ ይታያል። ሲቆም የመጨረሻውን መስመር በሞባይል ፎቶግራፍ እናንሣው። ሁነቶችን የሚመዘግበው ፕሮግራም ራሱም ቀድሞ ስለሚዘጋ፣ የመጨረሻዎቹን መስመሮች በኋላ ከመዝገቡ ፈልገን ላናገኛቸው እንችላለን።

መስመሩ አንድን ነገር ለማቆም እየጠበቀ መሆኑን ገልጾ ሴኮንድ የሚቆጥር ከሆነ፣ ችግሩ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። የሚያዘገየውንም በስሙ ይጠራዋል። በትምህርት ቤትና በቢሮ የተለመደው ምክንያት የጋራ ማኅደር ነው። ፋይሎቹ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጠው በኔትዎርክ የሚከፈቱ ከሆነና ያ ዋናው ኮምፒዩተር ቀድሞ ከጠፋ፣ የቀሩት መልስ የማይሰጣቸውን እየጠበቁ ይቆያሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዋናው በመጨረሻ ይጥፋ።

ጽሑፉ ስለ ዲስክ የሚናገር ከሆነ ወይም የፍላሹ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ገና እየጻፈ ነውና መታገሥ ነው። ሁልጊዜ እዚያው ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ዲስኩ ታሞ ሊሆን ስለሚችል፣ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጎ ማስመርመር ይገባል።

የመጨረሻው መስመር «ፓወር ዳውን» ብሎ ማራገቢያው ካልቆመ፣ ሥርዓቱ ትእዛዙን ሰጥቷል፤ የተደናቀፈው ሦስተኛው ደረጃ ነው። ምክንያቱ የማዘርቦርዱ ባዮስ ወይም እንደ ግራፊክስ ካርድ ያለ የአንድ ዕቃ ድራይቨር ሊሆን ይችላል። ያኔ ሲነሣ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የቆየውን ከርነል መርጦ መሞከር፣ ካልሆነም ባዮሱን ማሳደስ ይቻላል። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ጥሩ መለያ አለ። ሊኑክስን ከፍላሽ ላይ ማስነሣትና ከዚያው ማጥፋት ነው። በዚህ መንገድ በደንብ ከጠፋ ዕቃው ደህና ነው፤ ጉድለቱ ሃርድ ዲስኩ ላይ በተጫነው ሥርዓት ውስጥ ነው። ይህን ሳይሞክሩ ለፓወር ሰፕላይ ገንዘብ ማውጣት አይገባም።

ጠፍቶ ወዲያው ራሱ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ፣ በኔትዎርክ ወይም በኪቦርድ ምልክት እንዲነሣ የሚፈቅደው የባዮስ ምርጫ በርቶ እንደሆነ መመልከት ነው።

የእኛስ ኮምፒዩተር? ስክሪኑን ሳናጠፋ ብንጠብቅ፣ የመጨረሻው መስመር «ሲስተም ሆልትድ» ይላል። ሥርዓቱ ቆሟል ማለት ነው። «ኃይል ተቆርጧል» አላለም! ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠልን። ትንንሾቹ ተማሪዎች በቀላሉ እንዲዘጉት ብለን «ዝጋ» የሚል ምልክት ስክሪኑ ላይ ያስቀመጥንላቸው እኛው ነበርን። ከምልክቱ ጀርባ ያለውን ትእዛዝ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ስንወስድ «ሆልት» የሚለውን ቃል ጻፍን። በቀድሞዎቹ ብዙ ሊኑክሶች ይህ ቃል ኃይሉንም ያስቆርጥ ነበር። በሲስተምዲ ግን «ሆልት» ማለት ሁሉን ጨርሰህ ቁም ማለት ብቻ ነው፤ ኃይል እንዲቆረጥ «ፓወርኦፍ» መባል አለበት። ኮምፒዩተሩ ለሁለት ወር ያዘዝነውን በትክክል ሲፈጽም ኖሯል። አንዷን ቃል ቀየርናት፤ ማራገቢያውም ቆመ፤ መብራቱም ጠፋ። ያወጣነው አንድ ሳንቲም እንኳ የለም።

እንግዲህ ከዚህ የተማርነው ምንድን ነው? የኮምፒዩተሩ ዐመል በራሱ ጉዳት አልነበረውም። «ሲስተም ሆልትድ» ካለ በኋላ ገመዱ ቢነቀል የሚጠፋ ነገር የለም፤ ሁሉም ተጽፎ አልቋል። ነገር ግን ሥራውን ጨርሶ የቆመውም፣ ገና በመጻፍ ላይ ያለውም፣ ስክሪኑ ከጠፋ ከውጭ አንድ ዓይነት ናቸው። ማራገቢያው ይጮኻል፣ መብራቱ ይበራል። ማለቁን የሚነግረን ምልክት ስለጠፋ እጃችን በማንኛውም ሰዓት መንቀልን ለመደ። አባባ ምንም ጥፋት የለባቸውም፤ ያስለመድናቸው እኛ ነን። ትንሽ ብልሽት የማይጎዳ ቢመስልም መታረም ያለበት ለዚህ ነው።

በየቤታችሁ ኮምፒዩተር ያላችሁም እነዚህን ያዙ። ወደ ፍላሽ ስትወስዱ ከት ሳይሆን ኮፒ አድርጉ፤ ፍላሹንም ኢጀክት በሚለው ሳታስወጡ አትንቀሉ። ስክሪኑን ከሲፒዩው በኋላ አጥፉ። አልጠፋ ካለ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ታገሡ፤ ፍላሽ ላይ እየጻፈ ከሆነ ከዚያም በላይ ጠብቁ። ከዚህ በኋላም ካልሆነ ኦልትና ፕሪንት ስክሪን የሚሉትን ቁልፎች ይዞ ኤስ፣ ዩ፣ ኦ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት በየተራ፣ በመካከላቸው ጥቂት ሴኮንድ እየቆዩ መጫን ነው። ትርጉሙ ጻፍ፣ ዲስኩን ለንባብ ብቻ አድርግ፣ ኃይል ቁረጥ ነው። ይህ አሠራር በአንዳንድ ሊኑክሶች ላይ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። ማብሪያውን ከ4 ሴኮንድ በላይ ተጭኖ መያዝ ገመድ ከመንቀል አይሻልምና የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

ዛሬ አባባ ክፍሏን ከመቆለፋቸው በፊት በስድስቱ ፊት ያልፋሉ፤ ስድስቱንም መብራቶች አንድ በአንድ ያያሉ። ባለፈው አንድ ማታ ግን ጠሩን።

«መምህር፣ አንዱ መብራቱ አልጠፋም። ልንቀለው?»

«ይተዉት አባባ፣ መጣን» አልናቸው። ሄደን ስክሪኑን ብናይ የአንድ ልጅ ፍላሽ ተሰክቶ ገና እየጻፈ ኖሯል። ቆመን ጠበቅነው። ሲጨርስ ራሱ ጠፋ።