መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት

የብስክሌት ውድድር በሚካሄድበት ሰዓት አውራ ጎዳና ለተሽከርካሪ መዘጋቱ ተገቢ ነው። ቁልቁለት በፍጥነት የሚወርድ ብስክሌተኛ ከፊቱ መኪና ቢገጥመው የሚደርስበትን አደጋ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ሊያከራክረን የሚገባው የመንገዱ መዘጋት ሳይሆን፣ ተጓዡ ይህንኑ መቼና እንዴት ይወቅ የሚለው ጥያቄ ነው።

የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው ከመስከረም 11 እስከ 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ ነበር። የከተማይቱ ትምህርት ቤቶች በዚያ ሳምንት እንዲዘጉ አስቀድሞ ተወስኗል፤ ለባለመኪናዎችም ተለዋጭ መንገዶች ተነግረዋል። በአገራችንም ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ታላቁ ሩጫ በአዲስ አበባ ሲካሄድ ሯጮች የሚያልፉባቸው ጎዳናዎች ይዘጋሉ። ሆኖም በትልቅ ከተማ የሚኖር ሰው አንዱ መንገድ ቢዘጋበት በሌላው ዞሮ ሊሄድ ይችላል።

የጋሳይ ተጓዥ ግን ይህ ዕድል የለውም። ከጋሳይ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው ዋና መንገድ ከወረታ ወደ ወልዲያ የሚዘልቀው ያው አንዱ ጎዳና ነው። በዚህ ዳገታማ መንገድ ላይ የብስክሌት ውድድር ቢዘጋጅ፣ የሹፌሩ ምርጫ ቀድሞ ማለፍ ወይም እስኪከፈት መጠበቅ ብቻ ይሆናል። ለገበያ የወጣ ሰው ቢጠብቅ የሚያጣው ጊዜውን ነው፤ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የምትወሰድ፣ ምጥ የያዛት እናት ግን ልትጠብቅ አትችልም።

አንዳንድ ሰዎች «ተጓዡ ራሱ ጠይቆ ይነሣ» ይላሉ። ሐሳቡ እውነትነት ቢኖረውም በቂ አይደለም፤ ስለ ውድድሩ ጨርሶ ያልሰማ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? ስለሆነም አዘጋጆቹ መንገዱ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ሰዓት ቀደም ብለው በሬዲዮ፣ በአውቶቡስ መናኸሪያ፣ በገበያና በትምህርት ቤት ማሳወቅ አለባቸው። ጎዳናውም ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ መዋል የለበትም፤ የመጨረሻው ተወዳዳሪ ካለፈበት ሥፍራ ጀምሮ በየተራ ሊከፈት ይገባዋል። አምቡላንስ የሚያልፍበት ሁኔታም አስቀድሞ ይታሰብበት። ተጓዡ በበኩሉ ማስታወቂያውን ከሰማ በኋላ ማልዶ መነሣት ወይም ጉዞውን ወደ ማግስቱ ማዛወር ግዴታው ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ተጓዥ ማስታወቂያ የሚጠቅመው ከቤቱ ሳይወጣ ሲደርሰው ነው። በተዘጋ መንገድ ላይ ለቆመ ሰው የሚነገር ማስታወቂያ ግን ከመርዶ አይለይም።