ቀብድ በሁለቱም ወገን ያስራል

ከጥምቀት በኋላ ባሉት ጥቂት እሑዶች ሰርግ ይጋፋል፤ ዐቢይ ጾም ከገባ የኦርቶዶክሱ ድግስ እስከ ፋሲካ ይቆማልና። የሜካፕና የፀጉር ባለሙያዋ ቀን ለመያዝ ቀብድ መጠየቋ ተገቢ ነው። አንዷን ሙሽራ ስትቀበል ሌሎቹን መልሳለች።

ችግሩ ደረሰኙ ላይ የምትጻፈው «ቀብድ አይመለስም» የምትለው መስመር ናት። የምትናገረው ስለ ሙሽራዋ ብቻ ነው። ባለሙያዋ የተሻለ ከፋይ አግኝታ በዋዜማው «አልተመቸኝም» ብትልስ? ብዙ ቤተሰብ የሰጠውን ብር ካስመለሰ ተመስገን ብሎ ይተዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 1885 ከዚህ የተሻለ መብት ይሰጠዋል፤ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። 5,000 ብር የተቀበለች 10,000 ትከፍላለች ማለት ነው።

እርግጥ በሰርጉ ጠዋት 10,000 ብር ፀጉር አይሠራም። ስለዚህ ማን ራሷ እንደምትመጣ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሚዜ እንደምትሠራ፣ ብትታመም ማን እንደምትተካት በጽሑፍ ይቀመጥ። ብሩ በቴሌብር ሲላክም «ቀብድ» መባሉ በመልእክት ይረጋገጥ፤ ኋላ «ቅድሚያ ክፍያ ነበር» የሚል ክርክር እንዳይነሳ። ለሜካፕ ውል መጠየቅን እንደ ነገረኛነት የሚያዩ ወላጆች አሉ፤ የአዳራሹን ውል ግን ራሳቸው ፈርመው መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውበታል።