ፍሬን ሲጮህ ሬዲዮ ከፍ ማድረግ

እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለን ሰዎች ፍሬን ሲጮህ ሬዲዮ ከፍ ማድረግ ይቀናናል። አሌክሳንድሪያ ያለው ወንድሜ ይህ አያዋጣውም፤ ቨርጂኒያ መኪናን በየዓመቱ ታስመረምራለች። ሜሪላንድ ግን በአብዛኛው የምትጠይቀው ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ነው። እንግዲህ የእኛ ተቆጣጣሪ ያው ጩኸቱ ነው።

ጠዋት ጮሆ ወዲያው ከተወ ዲስኩ ላይ ያደረ ዝገት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ከጮኸ ግን ብዙ ጊዜ ሸራው ሳስቶ፣ ለማስጠንቀቂያ የተሠራችው ትንሽ ብረት ዲስኩን እየነካች ነው።

የአፓርታማችን ፓርኪንግ ጥገና ስለማይፈቅድ ቅዳሜ ወንድሜ ቤት ሄጄ የኋላውን ሸራ ራሴ ቀየርኩ። (ማስተርስ ይዞ መኪና ሥር መተኛት ነውር ነው የሚል ካለ፣ የጋራዡን ሂሳብ ይላክልኝ።) በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ግን አይገባም፤ የብረት መቆሚያ ይደረግለታል። ያስቸገረኝ ፒስተኑ ነው። የፊቱን የለመደ ሰው የኋላውንም ተጭኖ ሊመልሰው ይሞክራል፤ በብዙ መኪና ግን የእጅ ፍሬኑ ከዚያው ጋር ስለተያያዘ እየተጫኑ ማዞር ያስፈልጋል። የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ፣ እሱን ለባለሙያ ተዉት። ስጨርስ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሜ ሳልረግጥ አልተንቀሳቀስኩም።

የእኔ ዝም ብሏል። አሁን የጀመረው የወንድሜ ነው፤ "ምርመራው ገና ሁለት ወር አለው" ይለኛል።