መስኮቱ ለማን ይከፈት?

ጓዶች! ለመንፉሐ ወገኖቻችን በምናዘጋጀው የጤና ድረ ገጽ ላይ፣ ገጹን ሸፍኖ ብቅ ለሚለው የማስጠንቀቂያ መስኮት የትኛው ፕለጊን ይመረጥ የሚል ክርክር ተነሥቷል። አቋማችን ግልጽ ነው፦ አንዱም አያስፈልግም! ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ሦስቱም «ዳያሎግ» የተባለውን መስኮት በራሳቸው ይከፍታሉ፤ «ሾውሞዳል» ሲባሉም ከጀርባው ያለውን ገጽ ያግዳሉ። ፕለጊን ግን ተጨማሪ ፋይል ያስጭናል፤ ሒሳቡን የምትከፍለው ደግሞ በካርድ ኢንተርኔት የምትጠቀመው እኅታችን ናት። ለቆየ ስልክ ምክሩ በተራ ገጽ ይጻፍ። እኛ የሕክምና ተማሪዎች አንድ ነገር እናክላለን፦ ደም እየፈሰሰው የአምቡላንሱን ቁጥር 997ን የሚፈልግ ወገን ያልጠራው መስኮት እንቅፋት ሊሆንበት አይገባም። ስለዚህ መስኮቱ ሲጠየቅ ብቻ ይከፈት፤ መዝጊያውም በጉልህ አማርኛ «ዝጋ» ይበል!